ምክር ቤቱ ስንት ቀን ይቀመጥ? ጥያቄው የሐይቅና የውጫሌ ነጋዴም ነው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው የሐይቅ ከተማ የሚነግድ ሰው፣ ከዚያም አለፍ ብሎ የአምባሰል ወረዳ መቀመጫ በሆነችው ውጫሌ ሱቅ የከፈተው ባልንጀራው፣ ሐምሌ በገባ ቁጥር ሁለት ነገር ይጠብቃሉ። አንደኛው ግብር ነው። ሁለተኛው ብዙም የማይወራለት ሲሆን፣ ባሕር ዳር ላይ የሚሰበሰበው የክልሉ ምክር ቤት የሚያጸድቀው በጀት ነው። የመጀመሪያው ከኪስ ይወጣል፤ ሁለተኛው ወደ ኪስ ሊመለስ የሚችለውን ይወስናል።

የሕግ አውጪ ምክር ቤቶች ጉባኤ ይጠር ወይስ ይርዘም የሚለው ክርክር በሌላው ዓለም የቆየ ነው። አጥሩ የሚሉት ወገኖች ወጪን ይቆጥራሉ፤ አርዝሙ የሚሉት ደግሞ በችኮላ የወጣ ሕግ የሚያስከትለውን ጣጣ ያነሳሉ። በእኛ አገር ነገሩ ወደዚያም ወደዚህም ተለጥጦ ይገኛል። የፌዴራሉ ምክር ቤት ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ሲቀመጥ፣ የክልሉ ምክር ቤት ግን በጥቂት ቀናት ጉባኤ ሥራውን ይጨርሳል። ታዲያ እህል የሚያከማች፣ ጨረታ የሚወዳደር፣ ወይም ገንዘቡን በመሬትና በሕንፃ ላይ ሊያውል የሚያስብ ሰው ከሁለቱ የትኛው ይበጀዋል?

ዘጠኝ ወርና ጥቂት ቀናት

የ1987ቱ የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 58 የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትን የሥራ ጊዜ ለይቶ አስቀምጧል። ምክር ቤቱ በመስከረም ወር የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ይከፈታል፤ ሰኔ 30 ይዘጋል። በመካከሉ የአንድ ወር ዕረፍት አለው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት በበኩሉ በዓመት ቢያንስ ሁለት ጊዜ እንዲሰበሰብ በዚሁ ሰነድ ታዟል።

የክልል ምክር ቤቶችን በተመለከተ ሕገ መንግሥቱ የክልሉ የበላይ የሥልጣን አካል መሆናቸውን ይናገራል እንጂ ስንት ቀን እንደሚቀመጡ አይወስንም፤ ይህን ለክልሎቹ ትቶታል። የአማራ ክልል ምክር ቤት 294 መቀመጫዎች አሉት። በልማድ በዓመት ሁለት ያህል መደበኛ ጉባኤዎችን ያካሂዳል፤ እያንዳንዱም የቀናት ጉዳይ ነው። በመካከል ሥራው በቋሚ ኮሚቴዎች ይከናወናል፤ አስፈላጊ ሲሆን አስቸኳይ ጉባኤ ይጠራል። ነሐሴ 19 ቀን 2015 ዓ.ም. ዶክተር ይልቃል ከፋለ ከርዕሰ መስተዳድርነት ሲለቁ አቶ አረጋ ከበደ የተሾሙት በምክር ቤቱ ነበር።

ለአጭር ጉባኤ የሚቀርበው ምክንያት ዝም ብሎ የሚጣል አይደለም። ከሐይቅ ወይም ከውጫሌ የተመረጠ ሰው ባሕር ዳር ለመድረስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። አብዛኛው አባል መደበኛ ሥራውን ይዞ የሚኖር ነው፤ አርሶ አደርም፣ መምህርም፣ የመንግሥት ሠራተኛም ሊሆን ይችላል። ዘጠኝ ወር ባሕር ዳር ይቀመጥ ቢባል ደመወዝ፣ ቤትና አበል ያስፈልገዋል። ያም ብቻ አይደለም። ከመረጠው ሰው ጋር በገበያ፣ በለቅሶና በዕድር መገናኘቱ ይቀራል። ነጋዴው ደግሞ የራሱን ምክንያት ይጨምራል፤ ምክር ቤት ብዙ በተቀመጠ ቁጥር ብዙ ሕግ ያወጣል፣ ሕግ በተለዋወጠ ቁጥር ሒሳብ ይበላሻል የሚል ነው። ይህ አባባል ግማሽ እውነት አለው። ሌላው ግማሽ ግን ሕግ የሚወጣው በምክር ቤት ብቻ አለመሆኑ ነው። ምክር ቤቱ ሲበተን ካቢኔው ደንብ፣ ቢሮው መመሪያ ማውጣቱን አያቆምም።

በጀቱ ሐምሌ ሲገባ

የአገሪቱ የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያበቃል። የፌዴራሉ ምክር ቤት በጀቱን የሚያጸድቀው ብዙ ጊዜ ከመዘጋቱ በፊት ባሉት የመጨረሻ ቀናት ነው። ለምሳሌ የ2018 በጀት ዓመት 1.93 ትሪሊዮን ብር የጸደቀው ሰኔ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲሆን፣ አዲሱ የበጀት ዓመት ሊገባ አራት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ከዚህ ውስጥ ለክልሎች የሚሰጠው ድጎማ ለክልሉ በጀት ዋነኛ ምሰሶ ነው። ስለዚህ የክልሉ ምክር ቤት በጀቱን ለማጽደቅ የሚቀመጠው ብዙ ጊዜ ሐምሌ ውስጥ፣ ማለትም ዓመቱ ከተጀመረ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲያ ገና ብዙ መንገድ አለ። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ወረዳዎች ከክልሉ ጥቅል በጀት ይደርሳቸዋል፤ የወረዳው ምክር ቤትም ተሰብስቦ ለየጽሕፈት ቤቱ ይደለድለዋል። ተሁለደሬ ሐይቅ ላይ፣ አምባሰልም ውጫሌ ላይ ይህን ሲያደርጉ ነሐሴ ይጋመሳል። ከዚያ የግዥ ዕቅድ ይዘጋጃል፤ ጨረታ ይወጣል።

እንበል አንድ የሐይቅ ነጋዴ ለወረዳው ጽሕፈት ቤቶች የጽሕፈት መሣሪያና የቢሮ ዕቃ ያቀርባል። ዕቃውን ከደሴ ወይም ከአዲስ አበባ በዱቤ ያመጣል፤ ለጨረታ ማስከበሪያ ገንዘብ ያስይዛል። በጀቱ ሐምሌ መጀመሪያ ቢታወቅ መስከረም ላይ ያስረክባል፤ ክፍያውንም እህል ከሚሰበሰብበት ወቅት በፊት ተቀብሎ ጤፍና ማሽላ ለመግዛት ያውለዋል። በጀቱ ሲዘገይ ግን ክፍያው ታኅሣሥ ውስጥ ይመጣል። በዚያን ጊዜ እህሉ በሌላ ሰው መጋዘን ገብቷል። ለእሱ አንድ ወር መዘግየት ማለት አንድ ወር ብቻ አይደለም፤ ያ ዓመት የእህል ንግድ ያለፈው ዓመት ነው።

የሥራ ተቋራጩም ዕጣ ከዚህ አይሻልም። በወሎ ደጋማ አካባቢዎች ክረምት ሲበረታ የመሠረት ቁፋሮም የመንገድ ጠረጋም ይቆማል። በጀት ሐምሌ ቢጸድቅ ሥራው ጥቅምት ላይ ይጀመራል። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ደግሞ ያልተነካ ገንዘብ ተመላሽ እንዳይሆን በሰኔ የሚደረገው ግርግር አለ፤ ሁሉም ጽሕፈት ቤት ባንድ ጊዜ ገበያ ሲወጣ የሲሚንቶውም የወረቀቱም ዋጋ ወደ ላይ ይሄዳል። የዚህ ግርግር መነሻ የበጀት ዓመቱ ከፊት በኩል መቆረጡ ነው።

ስለዚህ ከጉባኤው ርዝመት ይልቅ የሚቀመጥበት ወር ይበልጥ ያስጨንቃል። ሦስት ቀን የሚቀመጥ ምክር ቤት ሰኔ ላይ ከተቀመጠ፣ አሥር ቀን ሐምሌ መጨረሻ ከሚቀመጠው ይሻላል። ሰኔ ላይ የድጎማው መጠን ሙሉ በሙሉ አልተረጋገጠም የሚል መልስ ሊሰጥ ይችላል። ይሁን እንጂ በተገመተው መጠን አጽድቆ፣ ልዩነቱን በሚቀጥለው ጉባኤ በተጨማሪ በጀት ማስተካከል የማይቻል ነገር አይደለም።

አርባ ስምንት ሰዓት ወይስ አሥራ አምስት ቀን

ጉባኤ መቀመጡና አለመቀመጡ ምን ያህል እንደሚለይ ለማየት ከበጀት የከበደ ነገር አለ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ከሆነ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲቀርብለት ያዛል። ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ካልሆነ ግን ጊዜው እስከ 15 ቀን ይረዝማል። አዋጁ ከጸደቀ እስከ ስድስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ በየአራት ወሩ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊታደስ ይችላል።

ሁለቱም አጋጣሚ ወሎ ላይ ታይቷል። የትግራይ ኃይሎች ደሴንና ኮምቦልቻን በያዙበት ሳምንት፣ ጥቅምት 23 ቀን 2014 ዓ.ም. የሚኒስትሮች ምክር ቤት ያወጣው አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው ጥቅምት 25 ነው፤ ምክር ቤቱ በሥራ ላይ ነበርና። በአማራ ክልል ያለውን የፀጥታ ሁኔታ ተከትሎ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የታወጀው ሌላው አዋጅ ግን ነሐሴ 8 ቀን ነው የጸደቀው። ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ስለነበር ለአስቸኳይ ስብሰባ ተጠራ። በሁለቱ አዋጆች መካከል ያለው ልዩነት፣ በመጀመሪያው ሁለት ቀን፣ በሁለተኛው ዐሥር ቀን ነው።

በደሴና በወልድያ መካከል ጭነት ለሚያንቀሳቅስ ሰው ስምንት ቀን ቀላል አይደለም። የሰዓት እላፊ ከተደነገገ፣ መኪና ካልተንቀሳቀሰ፣ ገበያ ከታጠፈ፣ ያን ጊዜ ያወጀው አካል ያለ ተወካዮች ውይይት ብቻውን የሚያስተዳድርበት ጊዜ ነው። የጸጥታው ችግር ይህን ያህል አጣዳፊ ከሆነ ሥራ አስፈጻሚው ፈጥኖ መንቀሳቀሱ አያከራክርም። የሚያከራክረው፣ ምክር ቤት ዝግ መሆኑ በራሱ ጊዜ የሚያረዝም መሆኑ ነው። የ2015ቱ አዋጅ ጥር 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ለተጨማሪ አራት ወር ተራዝሞ ነበር።

የቀድሞ ሥርዓቶች

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ አዲስ ነገር አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው የንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥት ፓርላማው በየዓመቱ ጥቅምት 23፣ በንግሥ በዓሉ ዕለት፣ ተከፍቶ እስከ ሰኔ 1 እንዲቀመጥ ደንግጎ ነበር። ምክር ቤቶቹ በሌሉበት አስቸኳይ ጉዳይ ሲነሳ ንጉሠ ነገሥቱ ድንጋጌ እንዲያወጡ ሥልጣን ይሰጥ ነበር፤ ድንጋጌው ፓርላማው ሲሰበሰብ ይቀርብለታል።

የደርጉ ዘመን ማብቂያ ላይ የተቋቋመው ብሔራዊ ሸንጎ ደግሞ መደበኛ ስብሰባው በዓመት አንድ ጊዜ ነበር። በመካከሉ የመንግሥት ምክር ቤት ይሠራል። የዚህ ውጤት ለነጋዴ ትዝ የሚለው በ1982 ዓ.ም. ነው። ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ የግል ባለ ሀብት በር ሲከፈትለት፣ የኢንቨስትመንቱ ሕግ የወጣው በመንግሥት ምክር ቤት ልዩ ድንጋጌ እንጂ በሸንጎው ሙሉ ጉባኤ አልነበረም። ብዙዎች በደስታ የተቀበሉት ድንጋጌ ነበር። ነገር ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ የወጣ ሕግ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሊሻር ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ገንዘቡን ያላወጣ ባለ ሀብት ፈሪ ተብሎ የሚነቀፍ አይመስልም።

ወደ ውጭ ሲታይም ተመሳሳይ ነገር አለ። በሕንድ ሕገ መንግሥት የክፍለ ግዛት ምክር ቤት ሲበተን አገረ ገዢው ጊዜያዊ ድንጋጌ ማውጣት ይችላል፤ ድንጋጌውም ምክር ቤቱ በተሰበሰበ በስድስት ሳምንት ውስጥ ካልጸደቀ ይቀራል። በቢሃር ግን ባለሥልጣኖቹ ይህን ጊዜ ያልፉት ነበር፤ ቀኑ ሲደርስ ያንኑ ድንጋጌ መልሰው ያወጡታል። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1981 ባለው ጊዜ 256 ድንጋጌዎች በዚህ መንገድ ተመላልሰው ታወጁ፤ ከእነዚህ አንዳንዶቹ 14 ዓመት ቆይተዋል። ነገሩን አጥንቶ ፍርድ ቤት ያቆመው ዋድዋ የተባለ የኢኮኖሚ ምሁር ነበር። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1986 ልማዱን ሕገ መንግሥታዊ አይደለም ብሎ ዘጋው።

የአሜሪካዋ አላስካ ነዋሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2006 በድምፅ የሕግ አውጪያቸውን ጉባኤ ከ121 ወደ 90 ቀን ዝቅ አድርገው ነበር። ሕገ መንግሥታቸው 121 ቀን የሚለውን ስላልነካ ተወካዮቹ ብዙ ጊዜ 90ውን አልፈው ሄደዋል፤ ከዚያም በላይ ልዩ ስብሰባ ተጠርቷል። በቴክሳስ ሕግ አውጪው በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ለ140 ቀን ብቻ ይቀመጣል። በመካከል ልዩ ስብሰባ የሚጠራው አገረ ገዢው ሲሆን፣ ምን እንደሚነጋገሩበትም እሱ ይወስናል። እንግዲህ ጉባኤ ሲያጥር ሥልጣኑ ወደ ማን እንደሚሄድ መገመት አያስቸግርም።

ግብር በሐምሌ

የሐይቅ ሱቅ ባለቤት ይህን ሁሉ ትቶ ወደ ራሱ ጉዳይ ቢመለስ የሚያገኘው ግብሩን ነው። ሕገ መንግሥቱ በክልሉ ውስጥ የሚሠሩ የግለሰብ ነጋዴዎችን ግብር ለክልል ሰጥቷል። ቀድሞ ደረጃ ሐ ይባል የነበረው አነስተኛ ነጋዴ ከሐምሌ 1 እስከ ሐምሌ 30 ይከፍል ነበር። የፌዴራሉ ምክር ቤት ግን ሰኔ 30 ይዘጋል። በ2009 ዓ.ም. ክረምት የቀን ገቢ ግምት ተጣለብን ያሉ ነጋዴዎች በተለያዩ ከተሞች ሱቅ እስከመዝጋት ሲደርሱ ምክር ቤቱ ዕረፍት ላይ ነበር። ነጋዴው የሚጮኸው በሐምሌ፣ ተወካዩ ቢሮ የሚገባው ደግሞ በመስከረም መጨረሻ መሆኑ የሁለቱ የቀን መቁጠሪያ አለመገናኘት ነው።

ሐምሌ 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ምክር ቤቱ መደበኛ የሥራ ጊዜው ካበቃ በኋላ ተሰብስቦ የገቢ ግብር አዋጁን አሻሽሏል። ማሻሻያው ሦስቱን የግብር ከፋይ ደረጃዎች ወደ ሁለት አወረደ። ነጋዴው ዓመቱን ሙሉ በአሮጌው ደረጃ አስቦ ሲሠራ ከርሞ አዲስ የበጀት ዓመት ከገባ በኋላ ስለ አዲሱ ደረጃ መስማቱ፣ ሕጉ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ ለሒሳብ አይመችም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የምክር ቤት ቀን መርዘም ሁሉን ነገር አይፈታም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በመጀመሪያው ቀን ከ74 ብር በላይ ሆነ። ያ ውሳኔ የወጣው በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ነው። ምክር ቤቱ በዚያ ቀን ተሰብስቦ ቢሆን ኖሮም መመሪያው ወደ እሱ አይመጣም ነበር፤ ሥልጣኑ አስቀድሞ በሕግ ለባንኩ ተሰጥቷልና። ስለዚህ ጉባኤውን ማርዘም ብቻ ሳይሆን ምክር ቤት ለማን ምን ሥልጣን አሳልፎ ሰጥቷል የሚለውም መነበብ አለበት።

የክልሉ ምክር ቤት ጊዜ ወስዶ ሲሠራ ምን እንደሚገኝ ደግሞ በ2009 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 252 ያሳያል። አዋጁ አርሶ አደሩ የመሬት ይዞታ መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያስይዝ ፈቅዷል። ከዚያ በፊት የአምባሰል አርሶ አደር በሬና ምርቱን እንጂ መሬቱን ይዞ ብድር ሊጠይቅ አይችልም ነበር። ለእህል ነጋዴውና ለማዳበሪያ አቅራቢው ትርጉሙ ሰፊ ነው፤ በእጁ ገንዘብ ያለው ገበሬ አዝመራውን በጥድፊያ አይሸጥም። ይህን የመሰለ ጉዳይ፣ የመሬት ነገር ደም በሚያፋስስበት አገር፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ አንብቦ እጅ ማውጣት አይቻልም።

ውጫሌ የሚኖር ሰው ለዚህ ምሳሌ ሩቅ አይሄድም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. በዚያ የተፈረመው ውል 17ኛ አንቀጹ በአማርኛና በጣሊያንኛ የተለያየ ስለነበር ምን እንዳስከተለ ማንም ያውቃል። ጥድፊያው ለማን እንደጠቀመም እንዲሁ።

ስለዚህ በአማራ ክልል ጉባኤ ይጠር የሚለው ጥያቄ ቢነሳ፣ ከዚህ በላይ የሚያጥር ነገር ብዙ የለም። ዘጠኝ ወር ይቀመጥ ማለትም በዚህ ጊዜ ከአቅም በላይ ነው። የሚበጀው ሌላ ነው፦ የበጀቱን ጉባኤ ወደ ሰኔ ማምጣት፤ የቋሚ ኮሚቴዎችን ሥራ በጉባኤዎች መካከል ማጠንከር፤ ረቂቅ ሕጎችን ጉባኤው ከመቀመጡ ሳምንታት አስቀድሞ ለንግድ ምክር ቤቶችና ለሚመለከታቸው ማድረስ። የፌዴራል ተቋማት መመሪያ ከማውጣታቸው በፊት ረቂቁን ለሕዝብ አስተያየት እንዲያቀርቡና እንዲያስመዘግቡ በ2012 ዓ.ም. የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ወጥቷል። ክልሉም በቢሮዎቹ መመሪያ ላይ ይህን መሰል ግዴታ አጥብቆ ቢይዝ፣ ምክር ቤቱ ባልተቀመጠበት ጊዜም ነጋዴው በጨለማ አይሠራም።

በሐይቅም በውጫሌም ያለ ነጋዴ ተወካዩን ሲያገኝ ስንት ቀን ተቀመጣችሁ ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ በጀቱን የት ወር አጸደቃችሁ፣ ረቂቁን መቼ አነበባችሁ፣ ደንቡንና መመሪያውንስ ማን ያወጣል ብሎ ቢጠይቅ ይሻለዋል። አዋጁ ባሕር ዳር ከጸደቀ በኋላ በክልሉ ዝክረ ሕግ ይታተማል። መመሪያው ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው በገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ነጋዴው ይዘቱን የሚሰማው የግምት ወረቀቱ ሲደርሰው ነው።